ሠላሳ ዘጠኝ ሼቄል

ሠላሳ ዘጠኝ ሼቄል፣ ይኸው ነው ዋጋዋ፣
ከክብሪት ቀፎ አትበልጥም ከነመሰኪያዋ፤
ሽንጧ ላይ በወርቅ ቀለም ተጽፏል ተስፋዋ፦
«ነዳጅ ትቆጥባለች ሠላሳ ከመቶ፣
ይጎለምሳል ደግሞ ያረጀ ሞተር ነቅቶ።»
በሃያ ሦስት ቀኗ ካትክልት ሻጩ ደረሰች፣
ከድንቹ ጎን ተኝታ ስሜን ለብሳ ጠበቀች።

ኪርያት ማላኪ፣ ከፎቃችን ግርጌ፣
ከመሪው ሥር ሰካኋት ቀዳዳ ፈልጌ።
አረንጓዴ መብራት ጨለማው ውስጥ በራ፣
ብልጭ፣ ጥፍት፣ ብልጭ፣ ሥራ እንደሚሠራ።

ትርንጎ ከሰገነት ልብስ እያሰጣች፣
«ደግሞ ምን ገዛህ?» ብላ ቁልቁል ተጣራች።
«ጉልበት ነው» አልኳት፣ «ላረጀው ሞተሬ።»
«ሁለት አትገዛም ታዲያ? አንዱን ለዚህ እግሬ!»

የሥራዬ መንገድ አሽዶድ ነው፣ ወደቡ፣
ማታ ነው የምወጣው ሲተኛ ቤተሰቡ።
የልጄን የሒሳብ ደብተር ተበደርኩ፣
ሊትርና ኪሎ ሜትር ጎን ለጎን አሰፈርኩ።
በሳምንቱ ከቋቱ አራት ሊትር ተረፈልኝ፣
የማደያው ማሽን ዘመዴ መሰለኝ።
ፍጥነት አልጨመርኩም፣ ፍሬን አልደፈቅኩም፣
እሷን እያየሁ ጎማ አላስጮህኩም፤
ቀይ ሲበራ ከሩቁ እግሬን አነሣለሁ፣
«እየቆጠበች ነው፣ አትረብሻት» እላለሁ።

ለወንድሜ ልጅ ሰርግ ኢየሩሳሌም ስወጣ፣
ካስቴል ዳገት ላይ ፈራሁ ትንፋሿን እንዳታጣ፤
በሁለት ማርሽ ድሮ ስታቃስት የኖረች
ያን ቀን በሦስት ወጣች፣ እንዲያውም ዘመረች።
(ጭነት አልነበራትም፤ አራቱ ልጆቼ
ባውቶቡስ ነው የሄዱት። ይህን ግን አልጻፍኩም
ደብተሩን ከፍቼ።)

ላቀው መካኒኩ፣ የቴስት ምርመራ ሲደርስ፣
በጉጠት ነቀላት ልክ እንደ ትርፍ ጥርስ።
«ስንት ከፈልክ?» ሲለኝ በግማሽ ዋሸሁት፣
«ሃያ» አልኩት። ሳቁን ከኋላዬ ሰማሁት።
ፈለቀቃት ቀስ ብሎ በብሎን መፍቻ፤
አንዲት አምፖል አለች፣ ቁራጭ ሽቦ ብቻ፤
ከሞተር የሚያነጋግር አንድም ክር የለም፣
ሥራዋ አንድ ነው፦ ብልጭ፣ ድርግም።
ደብተሬን ገለጥኩለት፦ «እነሆ ቁጥሩ!»
«ቁጥሩስ እውነት ነው» አለ፣ «እግርህ ነው ምሥጢሩ።»

እዚያው ዘይት በጠጣው ሲሚንቶ ላይ ቆሜ
ትዝ አለኝ ያንገቴ ክታብ፣ የልጅነት ሕመሜ።
አባቴ ያሰፋልኝ፣ በቀይ ቆዳ ተለብጦ፣
ወባው እንዲለቀኝ ከደሜ ተቆርጦ።
«ከተከፈተ» ይሉ ነበር፣ «ይሄዳል ኃይሉ»፤
እኔ በወስፌ ጫፍ ተረተርኩት ከውሉ።
ፊደል ቆጥሬ ነበር፤ ስሜ እዚያ የለም፣
የማላውቀው ሰው ስም ሰፍሯል በቀለም።
ወባው ግን አልፎ ነበር፣ ተመልሶም አልመጣም፤
መልሼ ሰፋሁት። ከአፌ ቃል አልወጣም።

«ትጣል?» አለኝ ላቀው። «ክደናት» አልኩት።
«ሙጫው ሃያ ሼቄል።» ሳልከራከር ከፈልኩት።

ዛሬም በሌሊት መንገድ ወደ አሽዶድ ሳቀና
ከጉልበቴ ሥር ትበራለች እንደገና፤
ያልፈኛል ካሚዮኑ ጡሩምባ እየነፋ፣
እኔ ሰማንያ ላይ ነኝ፣ መብራቷ እንዳይጠፋ።
ኮንቴነር ሲወርድ ከክሬኑ ሥር ቆሜ
ቁጥሩን እጽፋለሁ እንቅልፍ ተሸክሜ፤
እዚያ ብረት ሆድ ውስጥ፣ በድቅድቅ ጨለማ፣
ስንት አምፖል ተኝቷል የማን እግር ሊያለማ!
አንዷ ለትርንጎ እግር የተላከች ትሆናለች፣
ማን ያውቃል፣ እሷም ስም ለብሳ ትጠብቃለች።
ሃያ ሦስት ቀን ነው።
መጠበቅ ይቻላል።